ኦድ ዋጋ እንጂ ትንቢት አይደለም

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው የ14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሚኒባስ ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው፣ ግራና ቀኝ ከተዘረጋው የስንዴና የገብስ ማሳ ዓይኑን መልሶ ጆሮውን ለተሳፋሪው ወግ ቢሰጥ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየትና ስለ ኮምባይነር ኪራይ ከሚነገረው ቀጥሎ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል በስፖርት ውርርድ የሚነገረው «ኦድ» የሚለው ነው። ወጣቶቹ «ኦዱ ትልቅ ነው»፣ «ኦዱ ወረደ»፣ «ሹር ኦድ አለኝ» እየተባባሉ ሲነጋገሩ፣ ምስጢር ተገልጦለት የነገውን ነገር ዛሬ ጽፎ ያኖረ አንድ ባሕታዊ ያለ ይመስላል፤ ውርርዱን የሚያወግዙት ሽማግሌዎችም በበኩላቸው ቁጥሩን እንደ አስማት ከመሸሽ በቀር ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ የደከሙ አይደሉም። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ኦድ የሚባለው ቁጥር ሻጭ ያወጣው ዋጋ መሆኑን፣ ዋጋ ከሆነም ዘንድ ገዢው በውስጡ የተሸሸገውን ትርፍ ለይቶ የማየት መብት እንዳለውና፣ ለዚህም መብት ሕግ ሊቆምለት እንደሚገባ ነው።

ለሐሳቡ መነሻ የሆነኝ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የጎረቤት ልጅ ነው። በስልኩ የከፈተውን የውርርድ ገጽ ሲያሳየኝ፣ ከእንግሊዝ እግር ኳስ ዝርዝር በታች በአሜሪካ የሚደረግ የመኪና እሽቅድምድም ተጽፎ አየሁ፤ በዝርዝሩ አናት ባለው ነጂ ስም አጠገብ 9.00፣ በሌላው አጠገብ 101.00 ይነበባል። «ጋሼ፣ ይኼ መቶ አንዱ ለምን አይቆረጥም? በ20 ብር 2,020 ብር እኮ ነው!» አለኝ። ውድድሩን አይቶት ያውቅ እንደ ሆነ ብጠይቀው አላየውም፤ የነጂውንም ስም ያነበበው ያን ጊዜ ነው። ልጁ በሒሳብ የሚታማ አይደለም፤ 20ን በ101 አባዝቶ ውጤቱን የነገረኝ ዓይኑን ሳይጨፍን ነው። ማካፈሉን ግን አልሞከረውም፤ ወደ ውርርድ ከሚገቡት መካከል እጅግ የሚበዙት እንዲሁ ናቸው፤ ሁሉም አባዢ ነው፣ አካፋይ የሆነው ግን ሻጩ ብቻ ነው።

የጠየቀኝ ውድድር ስቶክ ካር የሚባለው ነበር። ፎርሙላ አንድ ከሚባለው የሚለየውም፣ መኪናዎቹ በቅርጻቸው ሰው ከመሸጫ ገዝቶ የሚነዳቸውን የቤት መኪናዎች እንዲመስሉ ሆነው በመሠራታቸው ነው። የውድድሩ አገር የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ሲሆን፣ ከቀደሙት ነጂዎች መካከል ሕግ የከለከለውን አረቄ በሌሊት ጭነው ከመንግሥት ሰዎች በማምለጥ መንዳትን የሠለጠኑ ነበሩባቸው፤ ጁኒየር ጆንሰን የተባለው ስመ ጥር ነጂም በዚሁ በአረቄ ጉዳይ ተፈርዶበት ታስሮ፣ ምሕረት ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1979 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ሬገን እጅ ነው። ውድድሩን ሥርዐት አስይዞ የሚመራው ናስካር የተባለው ማኅበር በ1940 ዓ.ም. በቢል ፍራንስ አማካይነት የተመሠረተ ሲሆን፣ ከውድድሮቹ ሁሉ የከበረው በፍሎሪዳ ግዛት በዴይቶና ከተማ፣ ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ 200 ዙር የሚነዳበት ነው፤ ጠቅላላው ርቀት 805 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ከሮቤ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ጥቂት ብቻ የሚቀረው ጉዞ ማለት ነው። የመጀመሪያው የዴይቶና ውድድር የካቲት 15 ቀን 1951 ዓ.ም. በተደረገ ጊዜ፣ ሊ ፔቲና ጆኒ ቦሻምፕ የተባሉት ነጂዎች ፍጻሜውን ጎን ለጎን ስላለፉት፣ አሸናፊው አስቀድሞ ቦሻምፕ ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላ፣ ፎቶግራፉና የዜና ፊልሙ ተመርምሮ ድሉ ለፔቲ የተሰጠው በሦስተኛው ቀን ነበር። (በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ትክክለኛውን ሰው የቆረጡ ተወራራጆች ስንቱን ቲኬት ቀደው ጥለውት ይሆን!)

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንግባ። በእኛ አገር የተለመደው የነጥብ አጻጻፍ ነው፤ 9.00 ማለት የቆረጥከው ቢወጣልህ ስላስያዝከው አንድ ብር 9 ብር ይመለስልሃል፣ ከዚያም ውስጥ አንዱ ብር የራስህ ገንዘብ ነው ማለት ነው። እንግሊዞች ትርፉን ብቻ ለይተው ይህንኑ 8 ለ 1 ይሉታል፤ አሜሪካውያን ደግሞ 100 ዶላርን መሠረት አድርገው የመደመር ምልክት ያለበት 800 ብለው ይጽፉታል፤ የመቀነስ ምልክት ያለበት 150 ቢጽፉ ግን፣ 100 ለማትረፍ 150 ማስያዝ ያስፈልጋል ማለት ስለ ሆነ በእኛ አጻጻፍ 1.67 ይሆናል። ልብሱ ሦስት ዓይነት ቢሆንም ገላው አንድ ነው። ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ማካፈል ነው፤ አንድን ለኦዱ ብታካፍል ሻጩ ለዚያ ነገር የሰጠውን ዕድል ታገኛለህ። አንድ ለ9 ሲካፈል 11 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝሩ አናት የተቀመጠው ብርቱ ነጂ ራሱ፣ በሻጩ አንደበት ሳይቀር፣ ከዘጠኝ ውድድር በስምንቱ የሚሸነፍ ነው። 101.00 የተጻፈበት ደግሞ ዕድሉ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ነገር ግን ሻጩ የሰጠው ዕድልና እውነተኛው ዕድል አንድ አይደሉም፤ ትርፉም ያደረው በሁለቱ መካከል ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በጉልበትም በችሎታም ፍጹም እኩል የሆኑ 40 መኪናዎች ይሽቀዳደማሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ትክክለኛው ኦድ 40.00 ነው። ሻጩ ግን በሁሉም ላይ 30.00 ብሎ ይጽፋል። አንድ ሰው በያንዳንዱ መኪና ላይ አንድ አንድ ብር ቢያስይዝ 40 ብር አውጥቶ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ 30 ብር ይቀበላል፤ አሥሩ ብር፣ ማለት ከአራቱ አንዱ እጅ፣ ውድድሩ ሳይጀመር የሻጩ ሆኗል። በእውነተኛውም ዝርዝር የሚሠራው ሒሳብ ይኸው ነው፤ የኦዶቹን ሁሉ ዕድል አካፍለው ቢደምሩት ከመቶ ያልፋል፣ ያለፈውም የሻጩ፣ ማለት የውርርድ ቤቱ ድርሻ ነው። ሦስት ውጤት ብቻ ባለው የእግር ኳስ ጨዋታ 2.10፣ 3.20 እና 3.40 ቢጻፍ ድምሩ 108 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ይህ ማንም ሰው በእርሳስ የሚደርስበት ነው። በ40 ነጂዎች ዝርዝር ላይ ግን ከያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ሲቆረጥ፣ ዓይን አይቶ የሚጠረጥረው ነገር አይኖርም፤ ይልቁንም ይበልጥ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ከታች ካሉት፣ ማለት ወጣቱን በትልቅነታቸው ከሚያማልሉት ኦዶች ነው፤ እውነተኛ ዕድሉ ከ200 አንድ የሆነው ነጂ 101.00 ተብሎ ቢሸጥ ማን ያውቅበታል?

አንባቢ ሆይ፣ «መቶ አንዱም እኮ አንዳንድ ጊዜ ይወጣል» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በየካቲት 2013 ዓ.ም. በተደረገው የዴይቶና ውድድር ማይክል ማክዳውል የተባለው ነጂ 100 ለ 1 ተብሎ ሳለ አሸንፏል፤ በታላቁ ማዕርግ 358 ጊዜ ተወዳድሮ የመጀመሪያ ድሉ ይህ ሲሆን፣ ያገኘውም ከፊቱ ይመሩ የነበሩት ሁለቱ ባልደረቦች፣ ብራድ ኬሰሎውስኪና ጆይ ሎጋኖ፣ በመጨረሻው ዙር ተጋጭተው በመውጣታቸው ነው። ይህ ግን ያለ ምክንያት የሆነ ተአምር አይደለም። በ1979 ዓ.ም. በታላዴጋ ሜዳ የቦቢ አሊሰን መኪና ተነሥቶ የተመልካቹን አጥር ከቀደደ በኋላ፣ ማኅበሩ በዴይቶናና በታላዴጋ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በማጥበብ ፍጥነቱን አበረደው፤ ፍጥነቱ ሲበርድ መኪናዎቹ ተመጣጠኑ፣ ሲመጣጠኑም በአንድ መንጋ ተጠጋግተው መንዳት ጀመሩ፣ በመንጋውም ውስጥ አንዱ ቢሳሳት ብርቱውንም ደካማውንም ይዞ ይወድቃል። ስለዚህም በእነዚህ ሁለት ሜዳዎች ላይ የኋለኛው ፊተኛ የሚሆንበት ዕድል ከሌሎቹ ሜዳዎች ይልቅ ይሰፋል፤ ኦድ የሚያወጡትም ይህን ሁሉ አስቀድመው አውቀው የብርቱውን ነጂ ኦድ በዚያ ሜዳ ከፍ አድርገው ይጽፋሉ። ሜዳውን፣ ሞተሩንና የአየሩን ጠባይ መርምሮ ዋጋ ከሚያወጣ ሰው ጋር፣ ሜዳውን አይቶት የማያውቅ የሮቤ ተማሪ በ20 ብር ሊከራከር ሲነሣ፣ ክርክሩ ከወዴት እንደሚያዘነብል መናገር አያሻም። በነገራችን ላይ፣ አሜሪካውያን ራሳቸው በአብዛኞቹ ግዛቶቻቸው የስፖርት ውርርድ ተከልክሎባቸው ይኖሩ ነበር፤ በሩ የተከፈተው ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ግንቦት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የፌዴራሉን ክልከላ ከሻረ ወዲህ ነው።

ውርርድን ግን እኛ ከባዕድ አልተማርነውም። በቀድሞው የሙግት ሥርዐት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ማር ስጥ»፣ «በቅሎ ስጥ»፣ «ፈረስ ስጥ» እየተባባሉ በቃላቸው እውነትነት ይወራረዱ ነበር፤ የተረታውም ያን ማርና ያን በቅሎ የሚያስረክበው ለባላጋራው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። አባቶቻችን ስለዚህ ነገር ሲጫወቱ ተሟጋቾቹ በንግግር ውበት ሲበላለጡ እንዴት ያለ ደስታ እንደ ነበረው ይነግሩናል እንጂ፣ ከሙግቱ ሁሉ ሳይረታ የሚወጣው ዳኛው ብቻ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አያነሡልንም። የዛሬው የውርርድ ቤትም በዚያው በዳኛው ስፍራ የተቀመጠ ነው፤ አርሴናል ቢረታ ማንቸስተር ቢረታ ለእርሱ ሁሉም አንድ ነው።

ቤቱ የሚወስደው ድርሻ እንዴት እንደሚያድግ በጣም ጎልቶ የሚታየው፣ በእኛ ወጣቶች ዘንድ እጅግ በተወደደው፣ ብዙ ጌም በአንድ ቲኬት በመቁረጥ ላይ ነው። ኦዳቸው 1.50 የሆነ አሥር ጌሞችን በአንድ ላይ የቆረጠ ሰው፣ ኦዶቹ ተባዝተው 57.67 ስለሚሆኑለት፣ በ20 ብር 1,153 ብር ያህል ይጠብቃል። የእያንዳንዱ ጌም እውነተኛ ዕድል 62 በመቶ ነው ብንል፣ ቤቱ ከአንዱ ጌም የሚወስደው 7 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህም ለንግድ የማይበዛ ትርፍ ነው። ነገር ግን አሥሩም አብረው የመውጣታቸው ዕድል 62 በመቶ በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ ከ119 አንድ ብቻ ይሆናል፤ ከ119 አንድ ጊዜ ለሚመጣ ነገር 57.67 ብቻ የሚከፈለው ሰው፣ ከሚያስይዘው ከያንዳንዱ ብር በአማካይ 48 ሳንቲም ያህል ይመለስለታል። ኦዱ ሲባዛ የተወራራጁ ተስፋ ይባዛል፣ የቤቱም ድርሻ በዚያው ልክ ይደራረባል። ይህን ሳያውቅ ወጣቱ «አንድ ጌም አስበላችኝ እንጂ ዘጠኙን አግኝቼ ነበር» እያለ ይጽናናል፤ ከአሥር ዘጠኙን ማግኘትም በዚሁ ስሌት ከመቶ ቲኬት በአምስቱ ያህል የሚደርስ ተራ ነገር ነው እንጂ የድል ዋዜማ አይደለም። በዚህ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 1,000 ብር ከሞላው የዕድል ጨዋታ አሸናፊ ገንዘብ 15 በመቶ እንዲከፈል ስለ ደነገገ፣ በዚያ ስሌት የ1,153 ብሩ አሸናፊ እጁ የሚገባው 980 ብር ገደማ ነበር፤ 990 ብር ያሸነፈው ጎረቤቱ ግን ያለ ግብር ሙሉውን ይወስድ ነበር።

በስልክና በመስኮት ላይ ስለሚታዩት፣ ነፍስ የሌላቸው ፈረሶችና ውሾች ስለሚሮጡባቸው ቨርቹዋል ጨዋታዎች፣ እንዲሁም አቪዬተር ስለሚባለው የበራሪ ጨዋታ ብዙ አልጽፍም። በስቶክ ካሩ ዘንድ ቢያንስ ሞተርና ነጂ፣ ጎማና ነፋስ አለ፤ በእነዚህ ውስጥ ግን ውጤቱን የሚያወጣው የኮምፒዩተር ዕጣ ነውና፣ ስለ ፈረሱ ጉልበት የሚመራመረው ሰው ስለሌለ ነገር ይመራመራል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብርና መሰሎቹ ገንዘብን በጣት ጫፍ ማንቀሳቀስን ካለማመዱን በኋላ ደግሞ፣ ከኪስ ወደ ቲኬት የሚወስደው መንገድ እጅግ አጥሯል።

የሃይማኖት አባቶች ነገሩን ከጥንት ጀምሮ አውግዘውታል። ሐዋርያት ሠሩት በሚባለው ቀኖና፣ በቁማርና በስካር የተያዘ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ካልተወ ከሹመቱ እንዲሻር ተደንግጓል፤ የድሬ ሼክ ሁሴን አገር በሆነችው በባሌም አብዛኛው ሕዝብ የሚመራበት ቅዱስ ቁርኣን በማኢዳ ምዕራፍ መጠጥንና ቁማርን በአንድነት ይከለክላል፣ በበቀራ ምዕራፍም የሁለቱን ጥቅምና ጉዳት በሚዛን አስቀምጦ ጉዳቱ እንደሚከብድ ያመለክታል። ይህ የሚዛን ነገር ልቤን ይነካዋል፤ ምክንያቱም ሒሳብ ነው። ከእኛ ሊቃውንት መካከል ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ፣ ከቀሪው አንድ ቀንሶ ወንበርን፣ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ገድፎ አበቅቴን የሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ መምህር፣ አንድን ለ9 አካፍሎ የኦድን ምስጢር ለደቀ መዝሙሩ ለማሳየት የሚከብደው ነገር የለም። ተግሣጹን አላቃልልም፤ ነገር ግን «ኃጢአት ነው» ተብሎ ብቻ የተነገረው ወጣት ከደጀ ሰላሙ ወይም ከመስጊዱ ሲወጣ ተደብቆ ይቆርጣል፣ ከብሩ ላይ ግማሹ እንደሚቀርበት በራሱ እርሳስ ያረጋገጠው ግን፣ ቢቆርጥ እንኳ፣ የቤት ኪራዩን አያስይዝበትም ብዬ አምናለሁ።

የመንግሥት ተግሣጽ ግን ከዚህ ይለያል፤ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪን አቋቁሞ ዕጣ ሲሸጥ የኖረ፣ በኋላም ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ የሰጠ፣ ከአሸናፊውም ግብር የሚቀበል ነውና፣ ማሩ ከሚገባለት ከዚያ ከጥንቱ ዳኛ ብዙ የራቀ አይደለም። በየጊዜው ቤቶቹን ማሸግም መድኃኒት አይመስለኝም፤ የታሸገው በር ሲከፈት ያው ነው፣ ስልኩም በር የለውም።

«ገበሬውስ ምን ያደርጋል፣ እርሱም ከዝናብ ጋር ይወራረዳል» የሚል ክርክር በሮቤ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የባሌ ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ገናና ቦና በሚባሉት የዘር ወቅቶች፣ ዘሩን ለዝናብ አደራ መስጠቱ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ዝናቡ ሲቀር ገበሬው ያጣውን ኩንታል የሚሰበስብ ሌላ ሰው የለም፣ ሲዘንብም ያገኘው ስንዴ ከጎረቤቱ ጎተራ የተወሰደ አይደለም። እንዲያውም ሰማዩ ከሚሰጠው ላይ በመቶ ይህን ያህል የሚቆርጥ ደላላ በመካከል አልቆመም፤ በስንዴው ላይ ያሉት ደላሎች ዋጋቸውን ቢያበዙም ገበሬው ስማቸውን ያውቃል፣ የሚወስዱትንም በኩንታል ቆጥሮ ይነግርሃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ውርርዱ እንዲከለከል አይደለም፤ ይከልከል የሚሉትን ግን አልቃወምም። የምጠይቀው፣ ፈቃድ ሰጪው አካል በእያንዳንዱ ቲኬት ግርጌና በእያንዳንዱ የስልክ ገጽ ላይ፣ ከኦዱ ባላነሰ ፊደል፣ ሁለት ቁጥሮች እንዲጻፉ እንዲያዝ ነው፤ አንደኛው ይህ ቲኬት ከስንት ስንት ጊዜ ይወጣል ተብሎ እንደሚገመት፣ ሁለተኛው ቤቱ ከአንድ ብር ላይ በአማካይ ስንት ሳንቲም እንደሚያስቀር ነው። ድርጅቶቹ እነዚህን ቁጥሮች ኦዱን ሲያወጡ ያሰሏቸዋልና አዲስ ድካም አይሆንባቸውም። በትምህርት ቤትም የዕድል ሒሳብ በሚሰጥበት ክፍል መምህሩ የሁለት ሳንቲምና የቀይና የነጭ እንክብል ምሳሌ ለአንድ ቀን ትቶ፣ የአሥር ጌም ቲኬት ሰሌዳው ላይ ቢጽፍ፣ ያን ቀን እንቅልፍ የሚወስደው ተማሪ በጎባም በሮቤም አይገኝም። ያሉኝ ወዳጆች ድርጅቶቹ ይህን የንግድ ምስጢር ነው ብለው እንደሚከራከሩ ይነግሩኛል፤ ይከራከሩ፤ ከአሥር ጌሙ ቲኬት 20 ብር ውስጥ ቤቱ የሚያስቀረው 10 ብር ከ30 ሳንቲም ያህል ለምን ለገዢው መነገር እንደማይገባው በዚህ ጋዜጣ ላይ ጽፈው ያስረዱን።